«ምልዓተ ጉባኤ» ኮረም ነው ወይስ የጳጳሳት ስብሰባ? ጉባኤ፣ ሲኖዶስና ማኅበር ግራ አጋቡኝ

ጸሐፊዋ (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። የደብራችን የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ፤ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ቀን ቀን ፋርማሲ እሠራለሁ። ማታ ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ። አሁን ሕንፃ ልንገዛ ስለሆነ የደብሩን መተዳደሪያ ደንብ ወደ እንግሊዝኛ የመመለሱ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። አሥራ አራት ገጽ ነው። ባንኩም ጠበቃውም ይፈልጉታል።

ደንቡ ውስጥ «ደብሩ የቅዱስ ሲኖዶስ ምልዓተ ጉባኤ የሚያስተላልፋቸውን ውሳኔዎች ይቀበላል» የሚል አንቀጽ አለ። ምልዓተ ጉባኤን ኮረም (ስብሰባ ለማካሄድ የሚበቃ የአባላት ቁጥር) ብዬ ተረጎምኩት። ምክንያት ነበረኝ። ጥቂት ገጽ ወረድ ብሎ ስለ ራሳችን ስብሰባ የሚናገር ሌላ አንቀጽ አለ። «ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ከተገኙ ምልዓተ ጉባኤ ይሆናል» ይላል። እዚያ ያለ ጥርጥር ኮረም ነው። በአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 58 ላይም ቃሉ የገባው በዚሁ ትርጉም ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ቦታ አንድ ዓይነት አደረግኳቸው።

ማክሰኞ ማታ እራት እየሠራሁ ጠበቃው ደወለ። ትሑት ሰው ነው። «ይቅርታ፣ ይህ ዓረፍተ ነገር አልገባኝም። ኮረም እኮ ቁጥር ነው። ቁጥር እንዴት ውሳኔ ያስተላልፋል?» አለኝ። ሽንኩርቱን ከእሳት አወረድኩና ወረቀቱን አየሁት። እውነቱን ነው። አንቀጹ ከማን ጋር እንደተያያዝን፣ የማን ልጆች እንደሆንን የሚናገር አንቀጽ ነው። እንዲህ ተበላሽቶ አንድ ቀን ፍርድ ቤት ቢቀርብ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ወዲህ ጉባኤ የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የተነገረውን ማስታወቂያ ልጻፍላችሁ፦ «አርብ ማታ ጉባኤ አለ። የሰበካ ጉባኤ አባላት ለአጭር ስብሰባ እንድትቆዩ። የወሩ መጨረሻ እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ ስለሆነ ማንም እንዳይቀር።» የአርቡ ጉባኤ ስብከትና መዝሙር ነው። ሁለተኛው እኛ ዘጠኝ ሰዎች ነን። ሦስተኛው ወርሃዊ መዋጮ የሚከፍለው አባል በሙሉ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ልጄ መኪና ውስጥ «እማዬ፣ ሰበካ ጉባኤ አርብ ነው እንዴ?» አለችኝ። ማስረዳት ጀመርኩ። ቤት እስክንደርስ አላለቀም።

እሷ ደግሞ የባሰ ጥያቄ አመጣች። ሰንበት ትምህርት ቤት የተሰጣት የእንግሊዝኛ ወረቀት የኒቅያውን «ካውንስል» ይለዋል። የእኛን አባቶች ግን «ሲኖድ» ይላቸዋል። «ሁለቱም ጋ ጳጳሳት ተሰብስበው ነው አይደል? ለምን ስማቸው ተለያየ?» አለችኝ። በአማርኛም እኮ ያው ነው። ጉባኤ ኒቅያ እንላለን እንጂ ሲኖዶስ ኒቅያ አንልም። ለምን እንደሆነ አስቤበት አላውቅም ነበር።

እና የምታውቁ እርዱኝ። የሲኖዶሱን ምልዓተ ጉባኤ ምን ልበለው? ጉባኤና ሲኖዶስ የሚለያዩት የት ላይ ነው? ደንቡ «ማኅበር» እና «ማኅበረ ምእመናን» የሚሉ ቃላትም አሉበት፤ እነሱንስ የት ላስቀምጣቸው? የማስረክበው ሰኞ ነው።

መሪጌታ (ኮሎኝ፣ ጀርመን)

እኅቴ ጸሐፊዋ፣ ሰላም ለኪ። ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል። ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚጠራውን ቃል ቆም ብሎ የሚያየው ስንቱ ነው።

ጉባኤ የመጣው ከግእዙ ገብአ ነው። ገብአ ማለት ገባ፣ ተመለሰ ማለት ነው። አማርኛችን «ገባ» የሚለው ከዚሁ ነው። ተጋብአ ሲባል ደግሞ ተሰበሰበ፣ ተከማቸ ይሆናል። ስለዚህ ጉባኤ ማለት በየአቅጣጫው የነበረ ሰው ወደ አንድ ቦታ ሲገባ ነው። ማን እንደገባ ቃሉ ብቻውን አይናገርም። ጳጳስም ይግባ ተማሪ፣ ሦስት መቶም ይሁን ዘጠኝ፣ ጉባኤ ነው። ለዚህ ነው አጠገቡ ሌላ ቃል የሚቆመው። የምትተረጉሚው ጉባኤን ሳይሆን አጠገቡ የቆመውን ነው።

እኔ ይህን ቃል ያወቅሁት ጎጃም ቅኔ ስማር ነው። ጳጳስ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ለእኛ ለተማሪዎች ጉባኤ ማለት የኔታ ዋርካው ሥር አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው፣ እኛ ደበሎ ለብሰን ስንከባቸው ነው። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ የኔታ ቅኔውን ይዘርፋሉ፤ እኛ እንቀጽላለን። ቁራሽ ለምኖ ሲመለስ የዘገየ ልጅ «ጉባኤው ተነሣ?» ብሎ ይጠይቃል። ተነሥቶ ከሆነ የዕለቱን ቅኔ አጣ ማለት ነው። ያን ጊዜ የፊቱን መጥቆር ብታዪው። የተማርንበት ቦታ ጉባኤ ቤት ይባላል። ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት አራቱ ጉባኤያት ይባላሉ። ተማሪ መጀመሪያ የሚቆጥራት ባለ ሁለት ቤት ቅኔ እንኳ ስሟ ጉባኤ ቃና ነው። እና ጉባኤን የስብሰባ ቃል ብቻ አድርገው ሲያስቡት ይቆጨኛል። ከስብሰባው ቀድሞ ትምህርት ነበረበት። የአርቡ ስብከታችሁ ጉባኤ መባሉ ለዚህ ነው፤ ስህተት አይደለም።

ሲኖዶስ የጽርእ (የግሪክ) ቃል ነው። ሲን አብሮ፣ ሆዶስ መንገድ ነው። በአንድ መንገድ መገናኘት እንደማለት። ለግሪኮች ኒቅያም ሲኖዶስ ነው፣ ዛሬ የሚሰበሰቡት ጳጳሶቻቸውም ሲኖዶስ ናቸው። ቃሉ አንድ ነው። ላቲኖች ኮንኪሊዩም የሚል የራሳቸውን ቃል አመጡ። እንግሊዝኛ ሁለቱንም ወረሰና ከፋፍሎ ይጠቀምባቸዋል። የልጅሽ ወረቀት ላይ ያለው ልዩነት የመጣው ከዚህ ነው እንጂ ከነገሩ አይደለም።

እኛም ሁለት ቃል ስለነበረን በራሳችን መንገድ ከፈልናቸው። ተሰብስቦ፣ ወስኖ የተበተነውን ጉባኤ አልነው። ጉባኤ ኒቅያ በፈረንጅ 325፣ 318 አባቶች። ጉባኤ ቁስጥንጥንያ 381፣ 150 አባቶች። ጉባኤ ኤፌሶን 431፣ 200 አባቶች። ቤተ ክርስቲያናችን ዓለም አቀፍ ብላ የምትቀበለው እነዚህን ሦስቱን ነው። ወንበሩ ሁልጊዜ ያለውን፣ ሰዎቹ ቢለወጡም እሱ የማይበተነውን ደግሞ ሲኖዶስ አልነው። ለልጅሽ ጉባኤ ክስተት ነው፣ ሲኖዶስ አካል ነው ብለሽ ብትነግሪያት ብዙ አትሳሳቺም።

ቀድሞ ግን ሲኖዶስ ለእኛ መጽሐፍ ነበር። ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት ውስጥ ሥርዓተ ጽዮን፣ ትእዛዝ፣ ግጽውና አብጥሊስ በአንድነት ሲኖዶስ ይባላሉ። የድሮ ሊቅ «ሲኖዶስ እንዲህ ይላል» ካለ የሚጠቅሰው መጽሐፉን ነው። ሊሆን የሚችለውም እሱ ነው። ጳጳስ ከግብፅ እየመጣ በነበረበት ዘመን የምንሰበስበው የራሳችን ጳጳሳት አልነበሩንም። የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት የተሾሙት በእኛ አቆጣጠር በ1921 ነው። አቡነ ባስልዮስ ፓትርያርክ የሆኑት በ1951 ነው። ሲኖዶስ ስንል ዛሬ ዓይናችን ላይ የሚመጣው የአባቶች ጉባኤ ዕድሜው ይህን ያህል ነው።

አሁን ወደ ምልዓተ ጉባኤ ልመለስ። ምልዓት ሙላት ነው። በምክር ቤት ሕግ ሙላቱ የሚለካው በቁጥር ነው፤ «ለመወሰን በቂ ሰው አለ ወይ?» ማለት ነው። በሲኖዶስ ግን ከቋሚ ሲኖዶስ ለመለየት የሚነገር ነው። ቋሚ ሲኖዶስ ጥቂት አባቶች ሆነው የየዕለቱን ጉዳይ የሚያዩበት ነው። ምልዓተ ጉባኤ ሊቃነ ጳጳሳቱ በሙሉ የሚቀመጡበት ነው። መደበኛው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ በጥቅምት 12 እና በርክበ ካህናት። ርክበ ካህናት ትንሣኤን አንድ ብለሽ ስትቆጥሪ ሃያ አምስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ነው። የሐዋርያት ቀኖናም ጳጳሳት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ከትንሣኤ በኋላ ባለው አራተኛ ሳምንት፣ ሌላውን በጥቅምት 12 እንዲሰበሰቡ ያዛል። ስለዚህ «ሙሉው የጳጳሳት ስብሰባ» በሚል መንፈስ ተርጉሚው። ኮረም አትበዪው።

አንድ ነገር ልጨምር። ነገ ቅዳሴ ላይ ጸሎተ ሃይማኖት ስትደርሱ ጆሮሽን ስጪ። «ወነአምን በአሐቲ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን እንተ ላዕለ ኵሉ ጉባኤ ዘሐዋርያት» እንላለን። ሌሎች ቋንቋዎች «ሐዋርያዊት» የሚል ቅጽል ባስገቡበት ቦታ የእኛ ተርጓሚዎች ያስቀመጡት ጉባኤን ነው። የሐዋርያት ጉባኤ። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ጉባኤ ናት ብለው ነው የተረጎሙት። ስንት ዓመት ብዬዋለሁ፤ እስካሁን እዚህ ቦታ ስደርስ ድምፄ ዝቅ ይላል።

ነቀምቴ ያደግሁ (ሚኒሶታ)

መሪጌታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ የመካነ ኢየሱስ (የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን) ልጅ ነኝ። ከእኛ ቤት በኩል ያለውን ልጨምር፤ ምክንያቱም እነዚሁ ቃላት እኛ ጋ ሌላ ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ሽማግሌ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ማለቴ ነው። ቦርሳውን ይዞ ሲወጣ እናቴ «የሲኖዶስ ስብሰባ ሄዷል» ትለናለች። በሦስተኛው ቀን አቧራ ለብሶ፣ ሙዝ ይዞልን ይመለሳል። ለእኔ ሲኖዶስ ማለት አባቴ የሚሄድበት ቦታ ነበር። ከዚያ ሬዲዮ ላይ «ቅዱስ ሲኖዶስ ወሰነ» ሲባል ሰማሁና አባቴን «እናንተ ናችሁ?» ብዬ ጠየቅሁት። አጠገቡ አስቀምጦ ልዩነቱን አስረዳኝ።

በእኛ ሲኖዶስ የአንድ አካባቢ ቤተ ክርስቲያን መዋቅር ነው። ብዙ ሲኖዶሶች አሉን። የየራሳቸው ፕሬዚዳንት አላቸው። ካህናት ብቻም አይደሉም፤ ምእመናንም ወንድም ሴትም ይቀመጡበታል። ከሁሉ በላይ ያለው ጠቅላላ ጉባኤ ነው። አያችሁት? እኅታችን ደብር ውስጥ ጠቅላላ ጉባኤ የአንድ ደብር አባላት ስብሰባ ነው። እኛ ጋ የመላዋ ቤተ ክርስቲያን የመጨረሻው ወሳኝ ነው። በኦርቶዶክስ ሲኖዶስ አንድ ነው፣ ከላይ ነው። በእኛ ብዙ ነው፣ መሐል ላይ ነው። መሪጌታ 1951ን ሲያነሱ ልቤ ደንገጥ አለ፤ መካነ ኢየሱስም በአገር አቀፍ ደረጃ የተመሠረተችው በጥር 1951 ነው። ፓትርያርኩ የተሾሙት በዚያው ዓመት በሰኔ ነው። ሁለቱ ቤቶች ይህን ቃል ለየራሳቸው መዋቅር ያደላደሉት ጎን ለጎን ነበር ማለት ነው።

ማኅበርን በተመለከተ፣ እኛ አንዲትን አጥቢያ ማኅበረ ምእመናን እንላታለን። «የየትኛው ማኅበረ ምእመናን አባል ነሽ?» ስባል የምጠራው የአጥቢያዬን ስም ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አዲስ አበባ ስመጣ የተከራየሁባቸው እትዬ በ21 ቀን ጠዋት «ዛሬ ማኅበር አለብኝ፣ ቤቱን አብረሽኝ ጠርጊ» አሉኝ። ቤታቸው ቤተ ክርስቲያን ሊሆን ነው ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ሰዓቱ ሲደርስ ነጠላ የለበሱ አሥራ ሁለት እናቶች መጡ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ጽዋው በጨርቅ ተሸፍኖ መጣ። ቄሱ ባረኩ። ማታ ላይ ጽዋውን የወሩ ተረኛ ተቀብላ ሄደች። እትዬ ያን ቀን ያሳዩኝን ማኅበር እስከዛሬ አልረሳውም። ቃሉ ኀበረ ከሚለው ግእዝ ነው የሚባለው፤ ተባበረ፣ አብሮ የምንለውም ከዚያው ነው። መሪጌታ ካጠፋሁ ያርሙኝ።

መሪጌታ (ኮሎኝ፣ ጀርመን)

አላጠፋሽም ልጄ። ኀበረ አንድ ሆነ ማለት ነው። ጉባኤ የሚበተን ነገር ነው፤ ማኅበር ሳይሰበሰብም ማኅበር ነው። ጽዋው እነ እገሌ ቤት አድሮ እንኳ ማኅበሩ አለ። ያቺ ያየሻት ተረኛ ጽዋውን ይዛ የሄደችው ለዚህ ነው።

አስተርጓሚ (አዲስ አበባ)

እኔ ደግሞ ከሥራዬ አንድ ነገር ላክል። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው በትርጉም። «ካውንስል» የሚለው ቃል ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ራሳቸው ምን ብለው ይጠሩታል?» ብዬ ነው። ምክንያቱም አማርኛችን አንዱን ቃል በሦስት ስም ነው የያዘው። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት አለ፤ በሰዉ አፍ መጅሊስ ነው፣ ከዐረብኛ የመጣ፣ መቀመጫ ማለት ነው። የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ቃሉን ሳይተረጉሙ «ካውንስል» ብለው ያዙት። የሃይማኖት ተቋማቱ በጋራ ያቋቋሙት «የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ» ይባላል። በእንግሊዝኛ ሦስቱም ካውንስል ናቸው። ከእንግሊዝኛው ተነስተሽ ወደ አማርኛ ብትመጪ ሦስቱን ድርጅቶች አንድ ታደርጊያቸዋለሽ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ስም ተሳስቶ የታተመ ባነር አይቻለሁ። መድረክ ላይ የተቀመጡት አባት ዞር ብለው ሲያነቡት የተሰማኝን አልረሳም።

መጽሐፍ ቅዱሱንም ተመልከቺ። በግሪኩ አንድ ቃል ነው፣ ኤክሌሲያ። በአማርኛው ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7 ላይ የምድረ በዳው ሕዝብ «ማኅበር» ነው። ምዕራፍ 19 ላይ ኤፌሶን ውስጥ የሚጮኸው ሕዝብ «ጉባኤ» ነው። በሌላው ብዙ ቦታ «ቤተ ክርስቲያን» ነው። ተርጓሚዎቹ ቃሉን ሳይሆን የተሰበሰበውን ሰው አይተው ነው የወሰኑት። በጌታ ላይ የፈረዱትን የአይሁድ ሽማግሌዎች ደግሞ ጉባኤም ሲኖዶስም አላሉም፤ «ሸንጎ» አሉ። ፍርድ አለበት እኮ። እንዴት ያለ ጥሩ ምርጫ ነው።

ሰበካ ጉባኤን «ቦርድ» እንዳትዪው አደራ። ባንኩ ይወደዋል፤ ግን አይደለም። በቃለ ዓዋዲው (ቤተ ክርስቲያኗ ለሰበካ ጉባኤ ባወጣችው ደንብ) መሠረት ሰብሳቢው የደብሩ አስተዳዳሪ ነው። ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አንድ ላይ የሚቀመጡበት ነው። ቦርድ ካልሽው ካህናቱ ከወረቀቱ ላይ ይጠፋሉ።

የድሮ ምእመን (ቨርጂኒያ)

እኅቴ፣ እኔ ከሠላሳ ዓመት በፊት እዚህ አካባቢ አንድ ደብር ሲመሠረት ደንብ ካረቀቁት አንዱ ነኝ። ተግባራዊውን ልንገርሽ። የደንቡ መጀመሪያ ላይ «ትርጓሜ» የሚል ክፍል ክፈቺ። እያንዳንዱን ቃል በግእዝ አነባበቡ በእንግሊዝኛ ፊደል አስቀምጪው፣ ከጎኑ በሁለት መስመር ምን እንደሆነ ጻፊ። ከዚያ በኋላ ደንቡ ውስጥ በሙሉ የራሳችንን ቃል ተጠቀሚ። ጠበቆች ይህን አይጠሉም፤ እንዲያውም ይመርጡታል።

«ቅዱስ ሲኖዶስ» የሚለውን ደግሞ ሳትገልጪ አትለፊው። እኛ ደንቡን ስንጽፍ ሁለት ነበር። የአገር ቤቱና የስደቱ። አንዲቱ ቃል ላይ ሦስት ሌሊት ተከራክረናል። አብሮ ያደገ ሰው ተኮራርፎ ወጥቷል፣ ደብር ለሁለት ተከፍሏል። ሐምሌ 2010 እዚሁ ዋሽንግተን ላይ አባቶች ሲታረቁ ከባለቤቴ ጋር ቆመን አለቀስን። ሁለቱ አንድ ሆኑ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በየደብሩ ያሉ የድሮ ደንቦች ላይ ግን ያ ቃል እንደተጻፈ ነው ያለው። የእናንተም ደንብ የትኛው ዓመት እንደተጻፈ እዪው።

ጸሐፊዋ (ሜሪላንድ)

መሪጌታ፣ አባቴ፣ እኅቴ፣ ወንድሜ፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተቀምጬ ጨረስኩት።

«ትርጓሜ» የሚል ክፍል አስገባሁ። ስምንት ቃል ሆነ። የሲኖዶሱን ምልዓተ ጉባኤ «የሊቃነ ጳጳሳት ሁሉ መደበኛ ወይም አስቸኳይ ስብሰባ» ብዬ ገለጽኩት። የእኛን ለብቻው «ስብሰባ ለማካሄድ የሚበቃ የአባላት ቁጥር» አልኩት። ሁለቱ ቃላት አማርኛው ላይ አንድ ዓይነት እንደሆኑ፣ ትርጉማቸው ግን እንደሚለያይ አንድ መስመር ማስታወሻ ጨመርኩ። ሰበካ ጉባኤን እንዳለ ተውኩት። ቦርድ የሚለውን አራት ቦታ ላይ አገኘሁትና አወጣሁት።

አባቴ የቨርጂኒያው፣ ደንባችንን አየሁት። የተጻፈው በ1990ዎቹ ነው። «ቅዱስ ሲኖዶስ» ከሚለው ቀጥሎ በቅንፍ «በአገር ቤት ያለው» ይላል። ዕድሜ ልኬን ሳነበው እንዴት እንዳላየሁት አላውቅም። በራሴ መሰረዝ ስለማልችል ለጠቅላላ ጉባኤው አጀንዳ አድርጌ አቅርቤዋለሁ። የወሩ መጨረሻ እሑድ ይታያል።

ጠበቃው ጠዋት መለሰልኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፤ «ሁለቱ ስብሰባዎች በዓመት የሚውሉበት ቀን ይታወቃል?» አለ። ጥቅምት 12 ብዬ የመጀመሪያውን ጻፍኩለት። ሁለተኛውን ለመጻፍ የዘንድሮን ትንሣኤ አወጣሁና ልጄን ጠራኋት። ጠረጴዛው ላይ በጣቷ እስከ ሃያ አምስት ቆጠረች። «ረቡዕ ነው!» አለችኝ።

መሪጌታ (ኮሎኝ፣ ጀርመን)

ትክክል ቆጥራለች። ሳሚልኝ።